ኢምፕሬዛዋን ትቼ ያሪሷን

ወንድምዓለም እንዴት ነህ ባክህ! ጠፋህ ብዬ እንዳልወቅስህ እኔም ጠፍቼ ከርሜያለሁ፣ ስለዚህ እኩል ለእኩል ነን ብዬ ልለፈው። መጀመሪያ ኔቱ ጠፋ፣ ኔቱ ሲመጣ መብራቱ፣ ሁለቱም ሲገጥሙ ደሞ የሚወራው ወሬ ሁሉ ደስ የማይል ስለነበር ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ። እናትህን ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አግኝቻቸው ነበር፣ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን አመም እያደረጋቸው ነው እንጂ ምላሳቸው ያው ነው፣ "የሰው መኪና ሲጠግን ይውላል፣ የናቱን ጉልበት ማን ይጠግነው" በልልኝ ብለዋል። ብያለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ባጃጇን ሸጥኳት። ዕቁቡም ደረሰኝ፣ ውጭ ያለችው እህቴም ትንሽ ጣል አድርጋልኛለች፣ እና መኪና ልገዛ ነው። ሰው ሁሉ የሚለኝ ያው የምታውቀውን ነው፣ ቪትዝ ግዛ፣ ኮንትራት ትሰራበታለህ፣ ሲሰለችህ በማግስቱ ትሸጣታለህ። ቪትዝ ራሷ ሚሊዮን ብር ካለፈች ስንት ዘመኗ! እኔ ደሞ ያን ሁሉ ብር አውጥቼ ዳገት ላይ የምታቃስት መኪና መግዛት አልፈልግም፣ አንድ ጊዜ እንኳ በሕይወቴ ማርሽ ቀይሬ ስረግጣት ወንበሩ ላይ የምትለጥፈኝ ጃፓን ልያዝ። ያባትህ ኮሮላ ዲኤክስ ናት እንዲህ ያበላሸችኝ። ታስታውሳለህ አይደል፣ በክረምት አዘዞ መንገድ ላይ ቂጧን ስታዞርብን ጋሼ ሲሳደቡ? የኋላ ጎማ ነጂ ስለነበረች እኮ ነው። ከሷ በኋላ የመጣው የ80ዎቹ ኮሮላ ወደ ፊት ጎማ ሲዞር የኋላ ጎማውን ይዘው ከቀሩት አንዱ ያ ዓለም ሁሉ የሚያብድለት ኤኢ86 ነው፣ እኛ ደሞ የሱን ዘመድ እየነዳን አላወቅንም ነበር።

ኤኢ86ን እርሳው፣ ዛሬ የትም ሀገር ዋጋው ሰማይ ነው። ሌሎቹንም ሕልሞቻችንን አንድ በአንድ ሰርዣቸዋለሁ። ስካይላይን ጂቲአር ከአር32 እስከ አር34 ሁሉም የቀኝ መሪ ናቸው፣ ሲልቪያ ኤስ15 ቀኝ መሪ፣ የመጀመሪያው ሲቪክ ታይፕ አር ቀኝ መሪ። እኛጋ ደሞ የቀኝ መሪ አይሄድም። ቢሄድም ከውጭ ማስመጣት የሚባለው ነገር በ2016 ጥር ላይ አበቃለት፣ የነዳጅ የቤት መኪና አይገባም ከተባለ ወዲህ ያለህ ምርጫ ሀገር ውስጥ ያለውን መልቀም ነው። ከዛ በፊትም ቢሆን በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አሮጌ መኪና ላይ የጫነውን ታውቀዋለህ፣ የኛ ቢጤ የሚፈልጋቸው መኪኖች ደሞ ሁሉም አሮጌ ናቸው። ኤሌክትሪክ ግዛ እንዳትለኝ፣ መብራት ስለ መጥፋቱ ከላይ ጽፌልሃለሁ።

ስለዚህ የቀሩት ያኔ ከአውሮፓ ወይ ከዱባይ በግራ መሪ የገቡት ናቸው። ቴሌግራም ላይ ሳስስ ከርሜ ሶስት አራት መኪና ላይ ቆሜያለሁ፣ ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው፣ ለዛ ነው አንተ የምታስፈልገኝ።

የመጀመሪያዋ የሱባሩ ኢምፕሬዛ ናት፣ ደብልዩአርኤክስ፣ የ2001 ሞዴል፣ ሰማያዊ። እውነቱን ልንገርህ፣ ፎቶዋን አይቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሁለት ሺ ሲሲ ቱርቦ፣ የአውሮፓዋ 218 የፈረስ ጉልበት፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል፣ ኮፋኖው ላይ ያ የአየር መሳቢያ አፉን ከፍቶ። ለጎንደር ደሞ ቱርቦ በወረቀት ላይ ትክክለኛው መልስ ነው። ከፍታችን ከ2100 ሜትር በላይ አይደል፣ ተርባይን የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 3 ከመቶ ይጥላል ይባላል፣ ስታሰላው እኛጋ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው፣ እናንተጋ አዲስ አበባማ ይብሳል። መተማ የሚመላለሱት ሹፌሮች ቆላ ስንወርድ መኪናው ይነቃል የሚሉት ተረት አይደለም። ቱርቦ ግን የጎደለውን አየር ራሱ ጠቅጥቆ ይሞላዋል፣ ትንሽ ዘግይቶ ቢነሳም ጉልበቱን ብዙ አያጣም።

እዚህ ድረስ ልገዛት ነበር። ከዛ ቤንዚኑን አሰብኩት። አሁን ማደያ ሰልፍ ይዘህ ካገኘህ አገኘህ፣ ካላገኘህ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ነው የምትቀዳው፣ እሱ ደሞ ምን እንደተደባለቀበት የሚያውቀው የቀላቀለው ሰው ብቻ ነው። አንዱን ሃይላንድ ፀሐይ ላይ ይዤ አይቼዋለሁ፣ ከታች ውሃ የመሰለ ነገር ተለይቶ ተኝቷል፣ ሽታው ግማሹ ላምባ። ይሄንን ቱርቦ ሞተር ውስጥ ከተትከው ማለት ያ የተጠቀጠቀ አየር ከደካማ ቤንዚን ጋር ሆኖ ካንዴላው ሳይለኩሰው ራሱ ይፈነዳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ሲያንኳኳ ደሞ ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ የሚቀመጥበትን የፒስተን ጠርዝ ነው የሚሰብረው። አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ ይሄን። የገረመኝ ግን ተቃራኒው ነው፣ ተርባይን የሌለው ሞተር ያ ጉልበቱን የሚቀንስበት ስስ አየር ራሱ ይጠብቀዋል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስላነሰ ግፊቱም ያንሳል፣ ስለዚህ መጥፎ ቤንዚን እንኳ ቢያገኘው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ እንዳለ ሞተር ቶሎ አያንኳኳም። ማለትም ጎንደር ላይ ጉልበት የሚመልስልህ መኪና ነው ቤንዚኑ የሚገድለው፣ ጉልበት የሚያጣው ደሞ ይተርፋል። ይሄ ነገር ከገባኝ በኋላ ኢምፕሬዛዋ ቀለሟ መጥፋት ጀመረ።

ሌላው ነገሯ ዝርዝር ነው። ሞተሯ የተኛ ስለሆነ ካንዴላ ለመቀየር እንኳ ከጎንና ከጎን እየተሹለከለክህ ነው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ሱባሩ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ልፈልግ ብል የማገኘው "እንሞክረዋለን" የሚለኝን ነው። በኔ ብር እንሞክረዋለን የለም።

ሁለተኛዋ የቶዮታ ሴሊካ ናት፣ ያቺ ዓይኗ የሾለው። ሁለት ዓይነት ሞተር እንዳላት ታውቃለህ፣ ዋን ዜድዜድና ቱ ዜድዜድ። ቱ ዜድዜዱ ከያማሃ ጋር የተሠራው ነው፣ 192 የፈረስ ጉልበት ከ1.8፣ ያለ ቱርቦ! ግን ያ ሁሉ ጉልበት የሚወጣው ከ6 ሺ አርፒኤም በላይ ቫልቮቹን በሰፊው የሚከፍተው ሁለተኛው ካም ሲነሳ ነው፣ እና እስቲ ንገረኝ፣ ከፒያሳ አዘዞ ድረስ በባጃጅና በአህያ መሀል 6 ሺ የምረግጠው የት ላይ ነው? ለሽያጭ የቀረበችው ደሞ እሷም አይደለችም፣ ዋን ዜድዜዷ ናት፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተር፣ ዘይት የሚበላው። ሰውዬው "ትንሽ ትጨምርበታለህ" ይላል፣ በሺ ኪሎሜትር ስንት ሲሉት ዝም። ቁመቷም እኛ ሰፈር ኮብል ስቶን ላይ አያስኬድም፣ ከስሯ እየተፋተገች ማርሚታዋን እዛው ጥላው ነው የምትመጣው። ለወሬ ጥሩ ናት።

እና የቀሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፣ ቪትዝ አርኤስና ያሪስ ቲ ስፖርት። ሳቅክ አይደል፣ ያሪስ ልትገዛ ነው እንዲህ ያስጮኸህ? እስቲ ቆይ። ሁለቱም 1.5 ዋን ኤንዜድ ሞተር ናቸው፣ ባለ አምስት ማርሽ ማኑዋል፣ ያሪሷ 106 የፈረስ ጉልበት ነች፣ እኛጋ ሲደርስ 84 ምናምን ቀረ በለው፣ ግን ክብደቷ አንድ ቶን አትሞላም። ክብደት ማንም አያወራለትም እንጂ ግማሹ ፍጥነት እሱ ነው፣ በተለይ ኩርባ ላይ፣ በተለይ ፍሬን ስትይዝ። ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወጣውን ጠመዝማዛ አስበው፣ እዛ ላይ ትልቅ ሞተር ሳይሆን ቀላል መኪና ነው የሚያስቀው፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆነህ ሳትለቅ ትወጣዋለህ። ሊማሊሞማ ጭራሽ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ አንድ ቀን ከደባርቅ ወርደን ብናየው! ደሞ ዋን ኤንዜድ ማለት ቪትዝ ላይ አለ፣ ፕላትዝ ላይ አለ፣ ፕሮቦክስ ላይ አለ፣ ኮሮላ ላይ አለ፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ስሙን ስትጠራ "የት ልስጥህ" ነው የሚሉህ። ካሙን የሚያዞረው ካቴና እንጂ ቺንጋ ስላልሆነ በየጊዜው ቀይረው የሚባል ጣጣም የለው።

ከሁለቱ ቪትዟ ትረክሳለች፣ ግን መሪዋ የዞረ ነው። ቪትዝ በሚል ስም የተሸጠችው ጃፓን ውስጥ ስለሆነ ሁሉም በቀኝ መሪ ነው የተወለዱት፣ እዚህ በግራ ካየሃት ሰው ነው ያዞራት። ሻጩ "ኦሪጅናል ናት" ብሎ ሊምልልኝ ደርሶ ነበር፣ ቪዲዮ ላክልኝ አልኩት፣ ላከ፣ ዝናብ ላይ ነው የቀረጸው፣ የመስታወቱ መጥረጊያ ለቀኝ ሹፌር እንደተሠራ ነው የሚጠርገው፣ በግራ በኩል ሹፌሩ ዓይን ፊት ጥግ ላይ ሳይጠረግ የሚቀር ጨረቃ የምታህል ቦታ አለ። በቃ። መብራቷም እንደዛው ነው የሚሆነው፣ ለግራ ትራፊክ የተሠራ ፋኖስ ማታ የሚያበራው ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ነው። ከሁሉም ግን የሚያስፈራኝ የፍሬን ፔዳሉን ሲያሻግሩት ምን እንዳደረጉና የሞተርና የጋቢናውን ግድግዳ እንዴት እንደበየዱት ነው፣ በፍጥነት ልነዳት የምገዛትን መኪና በማላውቀው ብየዳ ላይ አላምናትም፣ ያውም በርካሽ ስለሆነች ብቻ።

ስለዚህ ያሪሷ ናት። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሻጩ ሴትዮ ናቸው፣ ደላላ ግን መሀል ገብቷል። አድራሻውን በቴሌግራም እልክልሃለሁ፣ እባክህ ሂድና እያት። አንተን ስለ ሞተር ማስተማሬ አይደለም፣ ግን እንዳልረሳው እዚሁ ልጻፈው።

በመጀመሪያ ቲ ስፖርት መሆኗን አረጋግጥልኝ፣ ምክንያቱም 1.3ቷን ባጅ ለጥፎ መሸጥ ለነዚህ ሰዎች ቁርስ ነው፣ ሞተሩ ላይ 1ኤንዜድ የሚል ካለ እሰየው፣ 2ኤንዜድ ካየህ ሰላም ብለህ ውጣ። የኋላ ፍሬኗም ዲስክ መሆን አለበት። ሻሲ ቁጥሯ 17 ፊደልና ቁጥር መሆኑንም ቁጠረው፣ የጃፓን የውስጥ ገበያ መኪና አጭር ነው ቁጥሩ፣ አጭር ከሆነ እሷም የዞረች ናት ማለት ነው። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያየው፣ ከዕዳና ዕገዳ ነፃ መሆኗን የማጣራውን እኔ በሌላ ሰው አስጨርሳለሁ።

ስትሄድ ሳትደውል ሂድ፣ ወይ ከቀጠርካቸው ሰዓት ቀድመህ ድረስ፣ ኮፋኖውን በእጅህ ዳብሰው፣ ከሞቀ አስነስተው ጠብቀውሃል ማለት ነው። ቀዝቅዛ ስትነሳ ካቴናው የሚንኳኳ ከሆነና ሰማያዊ ጭስ ካለ ንገረኝ። ኮምፕረሽን መለኪያህን ያዝ፣ ከፍታው ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ ቢያደርገው ግድ የለኝም፣ አራቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ይሁኑልኝ ብቻ። ከዛ ዳገት ላይ በሶስተኛ ማርሽ ርገጣት፣ አርፒኤሙ እየጨመረ እሷ ካልጨመረች ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ይሄ ዋጋ መቀነሻ ነው እንጂ መተው አይደለም። ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ ካቃጨለ ግን ካምቢዮው ነው፣ እሱን ተጠንቀቅልኝ። ከስሯም ግባ፣ አውሮፓ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ስለሚበትኑ ዝገቱ ከላይ አይታይም። ማግኔት ይዘህ ብትሄድ ደሞ በሮቿና የኋላ ክንፏ ላይ ስቱኮ የተሞላበት ካለ ይነግርሃል።

ደህና ከሆነች ብሩን ሁሉ ለሷ አልጨርስም፣ ይሄን ወስኛለሁ። ለጎማ፣ ለፍሬን ሸራና ለፍሬን ዘይት፣ ለአሞርዛቶር የሚሆን ለብቻ አስቀምጫለሁ። እዚህ ያሉ ልጆች መኪና ሲገዙ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማርሚታውን ቆርጠው ማስጮህ ነው፣ ሰፈሩ ይረበሻል እንጂ መኪናዋ አንድ ሜትር አትፈጥንም። እኔ ጥሩ ጎማ ይሻለኛል። የሷ ጎማ ቀጭን ጎን ያለው ስለሆነ ኮብል ስቶኑ ቸርኬውን እንዳይመታብኝ ትንሽ ወፈር ያለ ጎን ያለው ላስገባ አስቤያለሁ፣ መሪ ላይ ያን ያህል ይጎዳል ትላለህ? መልስልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ዋጋውን ሆን ብዬ አልጻፍኩልህም። ሄደህ ለራስህ እንደምትገዛ ሆነህ ጠይቅና ያሉህን ንገረኝ፣ ለኔ በስልክ ከነገሩኝ ጋር እናስተያየዋለን፣ ከዛ ደላላው መሀል ላይ ስንት እንደቆረጠ ይታወቃል። ቀብድ ካለህ "ገዢው ጎንደር ነው፣ እሱ ሳይመጣ ሳንቲም አይወጣም" በለው። መንገዱ ደህና ከሆነ ራሴ መጥቼ ነድቼ ነው የማመጣት፣ አባይ በረሃ ስር ስትደርስ ያ የቀነሰባት ጉልበት ሲመለስ እንዴት እንደምትሆን ላየው ጓጉቻለሁ። ካልሆነ በጭነት መኪና ትመጣለች፣ ምን ይደረግ።

ልጆቹን ሳምልኝ፣ ባለቤትህንም ሰላም በልልኝ። እናትህ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተውልሃል፣ ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ፣ ለጉልበታቸው የሚሆን ማሰሪያ ደሞ አንተ ገዝተህ ጠብቀኝ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ጠበበኝ ብለዋል። ቅዳሜ ካልተመቸህ እሁድ ጠዋት ሞክር፣ እንዳትዘገይ ግን፣ ሴትዮዋ ሌላም ፈላጊ አለ ብለዋል።