ከእጥበት ማሽኑ በፊት ክንዱ ይታሰብበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የኩላሊት ሕመም በተነሳ ቁጥር ወሬው የእጥበት ማሽን ማነስ ላይ ያርፋል። ማሽኑ ያስፈልጋል። የታካሚው ዕጣ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ ወራት አስቀድሞ፣ ደም ሥሩ በተያዘበት መንገድ ነው።

በእጥበት ጊዜ በየደቂቃው 300 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወጥቶ፣ ተጣርቶ ይመለሳል። ተራ የክንድ ደም ሥር ይህን አይችልም። ስለዚህ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ደም መልሱ ከደም ቅዳው ጋር ይገጠማል፤ ፊስቱላ የሚሉት እሱን ነው። የደም ቅዳው ግፊት ሲደርሰው ደም መልሱ እየሰፋ ግድግዳውም እየጠነከረ ይሄዳል፤ ወፍራሙን መርፌ የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ይፈጃል። አንዳንዱ ጨርሶ ሳይሰፋ ይቀርና ሌላ መሥራት ግድ ይላል። በመሆኑም እጥበት ይጀመራል ተብሎ ከሚገመትበት ጊዜ 6 ወር ያህል ቀድሞ ቀዶ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ታካሚው ትንፋሽ አጥሮት፣ ፖታሲየሙ አሻቅቦ ድንገተኛ ክፍል ይደርሳል፤ አንገቱ ላይ ካቴተር (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) ይገባለታል። ነፍሱን ያተርፋል። ችግሩ ለአጭር ጊዜ የገባው ቱቦ ለወራት መቆየቱ ነው። ጫፉ ከቆዳ ውጭ፣ ሌላው ጫፍ ልብ አጠገብ ስለሆነ ባክቴሪያ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። እጥበት ላይ ያለ ሰው ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካቴተሩ ነው፤ ፀረ ተሕዋስያን ከመሰጠቱ በፊት ደሙ ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለሚለይ ምርመራ) ይወሰድ። ቱቦው በደረት በኩል ከገባ ደግሞ ትልቁን ደም ሥር ሊያጠብበው ይችላል፤ በዚያ ወገን በኋላ ፊስቱላ ቢሠራ ክንዱ ያብጣል።

ስለዚህ የኩላሊቱ የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች የወረደ ታካሚ ካርድ ላይ የትኛው ክንድ መጠበቅ እንዳለበት በጉልህ ይጻፍ። አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የማይሠራበት ክንድ ነው። ለምርመራ ደም ሲቀዳም ሆነ ጉሉኮስ ሲተከል ከክንዱ ይልቅ የእጅ ጀርባ ይቅደም።

ደም መስጠትም እንዲሁ በቸልታ ይታያል። ሄሞግሎቢን ሲወርድ አንድ ከረጢት ደም ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን ሰውነት በባዕድ ደም ሴሎች ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል። ንቅለ ተከላ ሲታሰብ የታካሚው ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከለጋሹ ነጭ የደም ሴል ጋር ተቀላቅሎ ይፈተሻል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ሴሉን ካጠቃ፣ የደም ዓይነቱ የገጠመ ወንድም እንኳ ኩላሊቱን ሊሰጥ አይችልም። ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ አይረንና ኤሪትሮፖይቲን (ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያደርገው መድኃኒት) ይቅደሙ።

ንቅለ ተከላ እጥበት እስኪጀመር መጠበቅ እንደሌለበትም ብዙዎች አይነገራቸውም። ፈቃደኛ ለጋሽ ካለ አስቀድሞ ይቻላል፤ የለጋሹ ምርመራ ራሱ ወራት ስለሚወስድ በጊዜ መጀመር አለበት።

ከንቅለ ተከላ በኋላ አንድ ተደጋጋሚ ስህተት አለ። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚሰጠው የታክሮሊመስ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለው መጠን የሚለካው የጠዋቱ መድኃኒት ከመዋጡ በፊት ነው። ታካሚው ውጦ ከመጣ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል፤ ሐኪሙ የሚዋጠውን መጠን ይቀንሳል፤ አዲሱ ኩላሊት ያለ በቂ ጥበቃ ይቀራል። የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ «መድኃኒትዎን ሳይውጡ ይዘው ይምጡ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ይህ አይደርስም።

ፊስቱላ ያላችሁ በየጠዋቱ ጣታችሁን አሳርፉበት፤ ንዝረቱ ሊሰማችሁ ይገባል። በዚያ ክንድ ደም ግፊት አታስለኩ፣ ተጭናችሁትም አትተኙ። ንዝረቱ ከጠፋ ቀጣዩን የእጥበት ቀን ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፤ የረጋው ደም በቆየ ቁጥር ፊስቱላውን ማዳን ይከብዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ