ፎሊክ አሲዱ በጨው ይግባልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ደብረ ብርሃን አካባቢ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በቅርቡ ጀርባው ላይ በስስ ቆዳ የተሸፈነ እብጠት ያለበት ሕፃን ተቀበልኩ። በሳላይን (በሕክምና የጨው ውሃ) በራሰ የቁስል ጨርቅ ሸፍኜ ሪፈር ጻፍኩለት። እናቱ ክትትል የጀመረችው በአራተኛ ወሯ ነው። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ያለበትን እንክብል ያኔ ሰጥተናታል፤ ለደም ማነስ ይጠቅማታል፣ ለልጁ ጀርባ ግን ረፍዷል። እንዲህ ያለ እብጠት የሚመጣው የፅንሱ ሕብለ ሰረሰር ሳይዘጋ ሲቀር ነው፤ የሚዘጋው ደግሞ ከፅንሰት በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ነው፤ ብዙዋ እናት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ።

በ1991 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት እኮ ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ልጅ ወልደው በሚያውቁ እናቶች ላይ፣ ከእርግዝና በፊት የተጀመረ ፎሊክ አሲድ ችግሩ እንዳይደገም 72 በመቶ ያህል ተከላክሏል። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2023 እ.ኤ.አ. አገሮች ምግብን እንደ ፎሊክ አሲድ ባሉ ንጥረ ነገሮች እንዲያበለጽጉ ጠይቋል።

የስንዴ ዱቄት ማበልጸጉ ደግ ነው። ግን የኛ ገበሬ ገብሱንም ስንዴውንም ከጎተራው አውጥቶ ሰፈር ወፍጮ ቤት ነው የሚያስፈጨው። ጨው ግን ሁሉም ይገዛል። አዮዲን እየጨመርንበት አይደል? ፎሊክ አሲዱም ይጨመርበት። ጋዜጣችሁ ጤና ሚኒስቴርንና ጨው አምራቾችን መቼ እንደሚጀምሩ ይጠይቅልን።

አዋላጅ ነርስ፣ ከሰሜን ሸዋ