ስለ ኑርቡርግሪንግ ባለቤትነትና ስለ መኪኖቻችን ፍሬን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

በጀርመን ያሉ መኪና ወዳድ ወገኖቻችን ሲሰባሰቡ ወሬው ዞሮ ዞሮ ማንም ከፍሎ በራሱ መኪና ሊነዳበት በሚችለው የውድድር ሜዳ፣ ኑርቡርግሪንግ ላይ ያርፋል። ከኮሎኝ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አያስገርምም። ደጋግሞ የሚሰማው አስተያየት ግን «ባለሀብት ገዝቶ አበላሸው፤ በመንግሥት እጅ መቆየት ነበረበት» የሚል ነው። ይህ ነገሩን መገልበጥ ነው።

ቦታው ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀው የራይንላንድ ፋልትስ ክልል መንግሥት 90 በመቶውን ይዞ ሳለ ነው። ዕዳውንም ያመጣው አስፋልቱ አይደለም። በ2009 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሆቴል፣ የገበያ አዳራሽና በሐዲድ የሚወነጨፍ መጫወቻ ተሠራ። መጫወቻው በ2013 ለአራት ቀን ብቻ ሠርቶ ተዘጋ። ኩባንያው በ2012 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ለሽያጭ ቀረበ፤ በ2014 በ77 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። መኪና የሚነዳበት መንገድ፣ በ1927 የተከፈተውና ዛሬ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ኖርድሽላይፈ፣ በሽያጩ አልተለወጠም። ስለዚህ ከባለቤቱ ስም ይልቅ ልንጠይቅ የሚገባን ገንዘቡ ለመንገዱ፣ ለብረት አጥሩና ለነፍስ አድን ሠራተኞቹ መዋሉን ነው። በ1976 የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪው ኒኪ ላውዳ በርግቨርክ በሚባለው ኩርባ አጠገብ በእሳት ሲያያዝ ቀድመው የደረሱለት ሌሎች ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ይህን ያህል ርዝመት ያለውን መንገድ ሁሉ በቅርብ ሆኖ መጠበቅ ከባድ ነው።

ሁለተኛው የተሳሳተ ወሬ «ዋናው የፈረስ ጉልበት ነው» የሚለው ነው። 300 ፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ገዝቶ የአምስት ዓመት የፍሬን ዘይት ይዞ ወደ ሜዳው የሚገባ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ፍጥነት በሰዓት ከ100 ወደ 140 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት በእጥፍ ያህል ያድጋል። መኪናው ከባድ ሲሆን ደግሞ በክብደቱ ልክ ይጨምራል። አንድ ሺህ ኪሎ የሚመዝን ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት ለጀማሪ ከ1,800 ኪሎው ቅንጡ መኪና የሚሻለው ለዚህ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲገባው ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ይታመቃል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይወርዳል። የፍሬን ሸራ መቃጠል ከዚህ ይለያል፦ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ይላል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ዘይት መቀየር፣ ለሁለተኛው ሙቀት የሚችል ሸራ መግጠም ነው። የአባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል በጭነት የወረደ ሹፌር ከባድ ማርሽ የሚያስገባው ፍሬኑ እንዳይግል ነው፤ በኖርድሽላይፈ ከፉክስሮረ ቁልቁለት ወደ አዴናወር ፎርስት ኩርባ ሲደርሱም ያልሠለጠነ ሰው የሚስተው ፍሬኑን ዘግይቶ፣ ኩርባው ከታየው በኋላ ስለሚይዝ ነው።

ከመግባት በፊት የፍሬን ዘይቱ ከሁለት ዓመት ካለፈ ይቀየር፤ ሸራው ከግማሽ በታች ከቀረ አይገባበትም። በጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው፤ ያረጀ ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ይደርቃል፣ አይዝም። ንፋሱ የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ከዙሩ በኋላ 0.3 ባር ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ ይገኛል። ትኩስ እያለ ያስተነፈሰ ሰው ሲቀዘቅዝ የጎደለውን መልሶ መሙላት አለበት፤ ይህን ረስቶ በአውቶባን ወደ ቤት የሚመለስ ብዙ ነው። የቸርኬ ዳዶ በእግር ተረግጦ ሳይሆን በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቅ፤ ለቶዮታ ያሪስ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የሞተር ዘይት ላይኛው ምልክት ድረስ ይሙላ፤ በረጅም ኩርባ ዘይቱ በኮፓው ውስጥ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ፓምፑም አየር ይስባል። ከምልክቱ በላይ መሙላት ደግሞ አረፋ ያመጣል። የወለል ምንጣፍና የተጣለ ጠርሙስ ይውጣ፤ ከፔዳል ሥር ይገባሉ።

ሲጨርሱ የመጨረሻውን ቀጥታ፣ ደቲንገር ሆሄን፣ በዝግታ ይንዱ። ከቆሙ በኋላ የእጅ ፍሬን አይሳብ፤ የጋለ ሸራ በዲስኩ ላይ ተጣብቆ ምልክት ይተዋል። ማርሽ ማስገባት ይበቃል። መኪናው መሐል ላይ ቢቆም ውስጡ መቀመጥ አደገኛ ነው፤ ከብረት አጥሩ ማዶ ተሻግሮ ስልክ መደወል ነው።

ማንም በራሱ መኪና በሚገባባቸው የሕዝብ ቀናት መንገዱ የሚከፈልበት ባለ አንድ አቅጣጫ የትራፊክ መንገድ ሆኖ ይቆጠራል፤ በግራ ብቻ ይታለፋል፣ ሰዓት ይዞ መሽቀዳደም የተከለከለ ነው። የተመታ አጥር፣ የመኪና መጎተቻና የፈሰሰ ዘይት ማጽጃ ሁሉ በነጂው ላይ ይታሰባል። ብዙ የመድን ውሎች የውድድር ሜዳን ያገልላሉና ኑርቡርግሪንግ ይሸፈን እንደሆነ ከኩባንያችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የቃል መልስን በፍርድ ቤት ማረጋገጥ ያስቸግራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ወዳጆች፣ ከኮሎኝ