እስክሪብቶ የቀያየርኩበት ደብተር

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ባለፈው እሑድ በረካው ሳይደርስ፣ ቶናውን እንኳ ሳትጠብቅ ከቡናው ስትነሣ አየሁህ። እናትህ «ስኳሩ ነው ያደከመው» አለች፤ እኔ ግን ያንን አነሣስ አውቀዋለሁ። ዓይነት ሁለት ስኳር አለብህ ከተባልክ 7 ወር ሆነህ፣ እኔ ደግሞ ከበሽታው ጋር 13 ዓመት ኖሬያለሁ። ስለ ምግቡና ስለ ስኳር ኪኒኑ፣ ስለ ሜትፎርሚኑ፣ ብዙ መክሬሃለሁ፤ ልቤ ምን ሆኖ እንደነበር ግን አንድም ቀን አልነገርኩህም፤ በዚህም በድዬሃለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ግድም እንቅልፍ አጣሁ። ጠዋት ጣቴን ወግቼ መለኪያው 214 ሲያሳየኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላውን ስፈትን የኖርኩ መምህር እንደ ወደቀ ተማሪ አንገቴን እደፋ ነበር። በክትትል ላይ «ራስዎን አይጠብቁም» ተብዬ ከተቆጡኝ ወዲህ ቁጥሩን መጻፍ አሳፈረኝና፣ አንድ ቀን በ214 ፈንታ 128 ብዬ መዘገብኩ። ቆይቼም መለካቱን ጭራሽ ትቼ፣ በቀጠሮዬ ዋዜማ ሁላችሁም ስትተኙ የሦስት ወሩን ቁጥር ከራሴ እያወጣሁ እሞላ ጀመር፤ በተለያየ ቀን የተጻፈ እንዲመስልም ሰማያዊና ጥቁር እስክሪብቶ እቀያይር ነበር።

የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ግን 10.4 በመቶ ሆኖ መጣ፤ ለብዙ ሰው የሚፈለገው 7 አካባቢ ነው። ነርሷ ደብተሬንና ውጤቱን አስተያይታ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ደብተሩን ዘግታ «አባባ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለችኝ። መልስ መስጠት አቅቶኝ አለቀስኩ። ከዚያ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ጥያቄዎች ጠየቁኝና ድባቴ እንደያዘኝ ነገሩኝ።

ልጄ፣ ሁለት ነገሮችን ለይተህ እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው ከበሽታው ሸክም የሚመጣ ምሬት ነው፤ በየማዕዱ ማስላት፣ በየቀኑ መዋጥ፣ ዕረፍት የሌለው ጥንቃቄ ሰውን ያሰለቻል። ይህን የሚለካ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ታትሟል፤ ስለዚህ የሚሰማህን የፈጠርከው አይምሰልህ። ይህ ምሬት ብዙውን ጊዜ ኪኒን ሳይሆን የሚያዳምጥ ሐኪምና ሊደረስበት የሚችል ግብ ይፈልጋል። ሁለተኛው ድባቴ ነው፤ እርሱ ስኳሩን ብቻ ሳይሆን ይወዱት የነበረውን ሁሉ ያስጠላል፤ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይም ከሌላው ሰው እጥፍ ያህል ይታያል። ሰው ሲጨነቅ እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖች ስኳሩን ያንሩታል፤ የከፋው ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ይረሳል፣ ከቤት አይወጣም፣ ስኳሩም ይብሱን ይወጣል። ይህ ስንፍና ወይም የእምነት ማነስ እንዳልሆነ ለማመን እኔ ራሴ ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል።

ለእኔ የምክር ሕክምናና የድባቴ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ሳምንታት መታገሥ ነበረብኝ። ጠበሉንም ጸሎቱንም አልተውኩም፣ ሜትፎርሚኑንም አላቋረጥኩም። እናትህ በፍቅር «ይህን አትብላ» እያለች ስትከታተለኝ ተደብቄ እበላ እንደነበር አሁን ነግሬያታለሁ፤ አንተን እንደዚያ እንዳታደርግህም ቃል ገብታልኛለች።

መኖር ምን ይጠቅመኛል የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ግን ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ፤ እስኪነጋ አትጠብቅ። ወዲያው ተነሥቼ መጥቼ ራሴ ወደ ሐኪም እወስድሃለሁ።

ማክሰኞ ቀጠሮ እንዳለህ ሰምቻለሁ። ስለ ቁጥሩ ሳይጠይቁህ በፊት እንቅልፍህንና ልብህን ንገራቸው። ብትፈቅድልኝ አብሬህ እገባለሁ፤ ካልፈቀድክም ውጭ አግዳሚው ላይ እጠብቅሃለሁ። ያንን ደብተር አልጣልኩትምና ይዤው እመጣለሁ፤ ሰማያዊና ጥቁር የተቀያየሩባቸውን ገጾች በዓይንህ እንድታይ።

አባትህ