ለቤዝ ሲባል ቴፕ አይቃጠል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጅማ ውስጥ በየቤቱ የተለመደ አንድ የተሳሳተ አገጣጠም አለና እንዲታረም በአምዳችሁ ትንሽ ቦታ ስጡን። ከመኪና የወጣ ሳብ (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ይገዛና ከቴፑ ጀርባ፣ የቤቱ ስፒከር በታሰረበት ላይ ተደርቦ ይታሰራል። ለጊዜው ቤዙ ደስ ይላል። የቤት ስፒከር ብዙውን ጊዜ 6 ወይም 8 ኦም ነው (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚገታበት ልክ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ቴፑ ላይ ጫናው ይበዛል)፤ የመኪና ሳብ ደግሞ ባብዛኛው 4 ኦም። 8 እና 4 ጎን ለጎን ሲታሰሩ ለቴፑ የሚደርሰው 2.7 ኦም ገደማ ነው። ከ6 ኦም በታች እንዳይታሰርበት ጀርባው ላይ የተጻፈበት ቴፕ ይህን አይችልም፦ ድምፁ ከፍ ሲል ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፣ ሲብስም አይሲው (ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ) ይቃጠላል።

የሚያዋጣው የራሱ አምፕሊፋየር ያለው፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሳብ ነው። ባለ 8 ኢንቹ ለመካከለኛ ሳሎን ይበቃል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት አትመኑ፤ ጀርባውን አዙራችሁ ከመብራት የሚወስደውን አንብቡ። ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 1,000 ዋት ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ከሆነ 120 ቮልት ሊሆን ይችላል። የቮልት መቀየሪያ ከሌለው ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ አይሰካ።

ቴፑ የሳብ መውጫ ካለው አንድ የአርሲኤ ገመድ ይበቃል። ከሌለው የስፒከር ገመድ መቀበያ ያለው ሳብ ፈልጉና ከስፒከሩ ማሰሪያ ሌላ ቀጭን ገመድ ወደ ሳቡ ውሰዱ። ከላይ የነቀፍነውን ይመስላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሳብ ከቴፑ የሚቀበለው ድምፁን ብቻ ነው፤ ጉልበቱን ከሶኬት ስለሚያገኝ ቴፑ ላይ ጫና የለም። አዳዲሶቹ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በብዙዎቹ ጥቁሩ ማሰሪያም ኃይል አለበት። ሳቡ የግራና የቀኝ ጥቁሮችን ውስጥ ለውስጥ የሚያገናኝ ከሆነ አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥል ስለሚችል አስቀድማችሁ በቴስተር አስለኩ። ለካሴት መቅጃ የተሠራው መውጫ ደግሞ አይሆንም፤ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ስለማይከተል ዘፈኑን ስትቀንሱ ቤዙ ብቻውን ሲጮህ ይቀራል።

ትልቁ ጉዳይ ቦታው ነው። ብዙ ሰው ሳቡን ጥግ ይወሽቅና ዱም ዱም ሲልበት ዕቃውን ይረግማል። ጥፋቱ የክፍሉ ነው። 4 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ ያስተጋባል (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ኸርዝ ነው። ያቺ ኖታ ስትመጣ ቤቱ ይሞላል፤ ሌሎቹ ሳስተው ይቀራሉ። ርዝመቱና ወርዱ እኩል የሆነ ክፍል የባሰ የሚሆነው ሁለቱም አንዷኑ ኖታ ስለሚያጎሉ ነው። ስለዚህ ሳቡን ለጊዜው ሶፋው ላይ፣ እናንተ በምትቀመጡበት ቦታ አስቀምጡና ቤዝ ጊታሩ ብዙ የሚመላለስበት ዘፈን ክፈቱ። ጎንበስ ብላችሁ ግድግዳውን ተከትላችሁ ዙሩ (ልጆቹ ቢስቁም ይሳቁ)። ኖታዎቹ እኩል የሚሰሙበት ነጥብ የሳቡ ቦታ ነው። ወለል ላይ ይቀመጥ፤ የጅማ በርጩማ የተጠረበው ለሰው ነው።

ሳቡ ላይ ያለውን ማጣሪያ (ከተመረጠው ቁጥር በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚያስቀረውን) ከ80 ኸርዝ ጀምሩ፤ ስፒከሮቻችሁ ባለ 4 ኢንች ከሆኑ እስከ 120 ይሂድ። የሳቡን ድምፅ ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ቤዙ ከሳቡ እንደሚመጣ በታወቀ ጊዜ በዝቷል። 0 እና 180 የሚለውን ማብሪያ አንድ ሰው እየቀያየረ እናንተ ከመቀመጫችሁ ስሙና ቤዙ በጎላበት ተዉት። ኮርኒስ ወይም የቆርቆሮ በር ከተንቀጫቀጨ የላላውን አጥብቁ፤ ሳቡ ደህና ነው።

የመኪናውን ሳብ ከነአምፕሊፋየሩ ሣጥን ልታሠሩለት ከሆነ፣ ለባለ 10 ኢንቹ ውስጡ 32 ሴንቲ ሜትር በየጎኑ፣ ማለትም ወደ 33 ሊትር የሆነ ዝግ ሣጥን ጥሩ መነሻ ነው። በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ አሠሩት። ዋንዛ ያምራል፤ ግን ክረምት አብጦ በጋ ሲኮማተር መጋጠሚያው ይከፈትና አየር ያፏጫል።

ዘፈን ሳይከፈት እምምም የሚል ድምፅ ከተሰማ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው። ቴፑንና ሳቡን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ፤ የድምፁን ገመድ ከመብራት ገመድ አርቁ። የሶኬቱን ኧርዝ መቁረጥ ጩኸቱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ብልሽት በመጣ ቀን ግን ኤሌክትሪኩ የሚወርደው በነካው ሰው በኩል ነው።

የድምፅ መሣሪያ ጠጋኞች
ከጅማ