ጉዳዩ፦ ቧንቧው ከፍ ብሎ ስለተበሳው የቢራ መጥመቂያ ድስት

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለብረታ ብረት ሥራ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ባለፈው ኅዳር ወር በቤቴ ቢራ የምጠምቅበት፣ 40 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት ድስት አሠርቼ ከድርጅታችሁ ተረክቤያለሁ። ብየዳው ንጹሕ ነው፤ ክዳኑም ልክክ ብሎ ይገጥማል። ቅሬታዬ ስለ ቧንቧው ብቻ ነው።

በሰጠኋችሁ ንድፍ ላይ ቧንቧው ከውስጥ በኩል ወደ ታች የሚታጠፍ አጭር ቱቦ እንዲኖረውና የቱቦው አፍ ከድስቱ ወለል 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ እንዲል ተጽፏል። በተረከብኩት ድስት ውስጥ ግን ቱቦ የሚባል ነገር የለም፤ ቀዳዳውም ከወለሉ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ተበስቷል። ድስቱ ከዳር እስከ ዳር 36 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከቧንቧው በታች አራት ሊትር ተኩል ፈሳሽ ይተኛል።

ይህ ፈሳሽ ውሃ አይደለም። ብቅሉ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ከተጠለለ በኋላ ለቢራው ምሬትና መዓዛ ከሚሰጠው አበባ፣ ከሆፕስ ጋር የፈላው፣ ጠማቂዎች ዎርት የሚሉት ጣፋጭ ጭማቂ ነው። አተላውን አልመኝም፤ የሆፕሱ ዝቃጭ የያዘው አንድ ሊትር ተኩል ድስቱ ውስጥ ቢቀር ደስ ይለኛል። የቀረው ሦስት ሊትር ግን ጥሩ ጭማቂ ነው። አንድ ጊዜ ስጠምቅ 25 ሊትር ስለማወጣ፣ ከ5 ኪሎ ብቅል 600 ግራም ያህሉን በየጊዜው እደፋለሁ ማለት ነው። እስካሁን ሦስት ጊዜ ጠምቄ 9 ሊትር ጥያለሁ፤ በ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢሰላ 27 ጠርሙስ ይሞላል። ሆፕሱን የማገኘው ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። በጌሾ ተካው የሚለኝ አልጠፋም፤ ያ ግን ጠላ ነው፤ ጠላም የራሱ ክብር አለው።

በስልክ ስነግራችሁ ሁለት መልስ አገኘሁ። አንደኛው፣ ቱቦው ለማጠብ ስለማይመች አውቃችሁ እንደተዋችሁት ነው። እኔ ያዘዝኩት ግን በጥርስ የሚገባና የሚወጣ ቱቦ ነበር፤ ፈትቼ አጥቤ የምመልሰው። ሁለተኛው፣ «እናቶቻችን ጋኑን አዘንብለው አይደል የሚቀዱት?» የሚል ነው። የእናቴ ጋን ቀዝቃዛ ነበር። ይህ ድስት ገና ከእሳት የወረደ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም እግር ለመላጥ አያንስም።

ቢሆንም በራሴ በኩል የሚቻለኝን ሞክሬአለሁ። እሳቱን ካጠፋሁ በኋላ በማማሰያ አንድ አቅጣጫ እያዞርኩ 20 ደቂቃ አሳርፈዋለሁ። አተላው ተሰብስቦ መሃል ላይ ይከመርና ጥሩው ጭማቂ ዳር ዳሩን ይቀራል፤ ቧንቧው ግን ከእርሱ በላይ አፉን ከፍቶ አየር ይስባል። ከኋላ የእንጨት ጉማጅ ባስገባበት ክምሩ ተንዶ ወደ ቧንቧው ሄደ። በጎማ ስቤ ለማውጣት ስሞክርም ከንፈሬን ተቃጠልኩ።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ድስቱ ይቀየርልኝ አላልኩም፤ ቀዳዳውም ባለበት ይሁን። ከውስጥ ያዘዝኩት ቱቦ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገጠምልኝ። የቱቦው አፍ ጭማቂው ውስጥ እስከተነከረ ድረስ የሚወርደው ፈሳሽ የኋላውን እየሳበ ከቀዳዳው በታች ያለውንም ይዞት ይወጣል። በመጋጠሚያው አየር ከገባ ግን ይቋረጣልና ማሸጊያው ሙቀት የሚችልና ለምግብ ዕቃ የሚሆን ጎማ እንዲሆን አደራ እላለሁ።

ድስቱን የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ። ቱቦው ተገጥሞ ከመረከቤ በፊት ውሃ ሞልተን አብረን እናፍሰው፤ ከታች የሚቀረውን የምንለካበት የሊትር መለኪያ እኔ አመጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የንድፉ ቅጂ 1 ገጽ