ብሩ ተንሳፈፈ ወይስ ሰመጠ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

እኔ ጋዜጣችሁን የማነበው መቀስ ይዤ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማታ ማታ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀን ሲሠሩ ውለው የሚመጡ ናቸው። የባጃጅ ሹፌር አለ፣ ነርስ አለች፣ ዋሸራ ቅኔ የቆጠረ ዲያቆን አለ፣ አንዲት ቅቤ ነጋዴም አሉ። የተሰጠኝ መጽሐፍ ግን ጆን ስለሚባል ልጅና ስለ ውሻው ነው። አምስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ‘ጆን ሃዝ ኤ ዶግ’ እያሉ ሲደግሙ መስማት አንጀት ይበላል።

መጽሐፉን ወደ ጎን ያስደረገኝ የብር ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በእንግሊዝኛ የሚጻፉት ዜናዎች ‘ፍሎት’ የምትለዋን ቃል ይዘው ወጡ። ሰሌዳ ላይ ጻፍኳት። “ውኃ ላይ መንሳፈፍ ማለት ነው” አልኩ። ቅቤ ነጋዴዋ እጃቸውን አወጡ። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ ለቀልድ ‘የኔታ’ ነው የሚሉኝ።

“የኔታ፣ ተንሳፈፈ ነው ያሉኝ? የኔ ቦርሳ ውስጥ ያለውስ ሰምጧል!”

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ‘ሲንክ’ የሚለውን ቃል ያስተማርኩት ያኔ ነው። ያን ቀን የቀሩት ተማሪዎች እንኳ ሁለቱንም ቃላት ያውቋቸዋል፤ ወሬው ደርሷቸዋል።

አዋቂ ተማሪ ነገሩ አይጠፋውም። ስለ ዶላሩም፣ ስለ ማዳበሪያውም፣ ስለ ነዳጁም በአማርኛ ሲከራከርበት ውሏል። የጎደለው የእንግሊዝኛው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዜናውን በአማርኛ አስነብባለሁ፤ እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ “ይህማ አጉርሶ ማስተማር ነው” ይሉኛል። ይበሉ። ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የማያውቀውን ቃል ከዙሪያው ባሉት ቃላት ይገምታል። ነገሩንም ቃሉንም የማያውቅ ሰው መዝገበ ቃላት ሲገልጥ ያመሻል።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ትምህርት አገኘን። ገና ከቀኑ ጀመርን። እንግሊዝኛው ‘ሴፕቴምበር ናይን’ ይላል። ታዲያ ጳጉሜን ምን እንበላት? ቀጥሎ ቁጥሩ መጣ፤ 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። እነዚህን በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ማንበብ ላብ ያስወጣል። ከዚያ ‘ብሉ ናይል’ ላይ ስንደርስ የባጃጅ ሹፌሩ አላሳልፍም አለ። “ሰማያዊ ማን አለው? ክረምት ላይ ደጀን ወርዳችሁ እዩት፤ አፈር ነው የሚመስለው።” ግሽ ዓባይ ከሚፈልቅበት አገር ሰው ጋር በዚህ መከራከር ዋጋ የለውም። አልተከራከርኩም። ክርክሩን በእንግሊዝኛ እንዲደግመው ብቻ ጠየቅሁት። ‘ብራውን’ን አገኛት፤ ‘ሶይል’ን እኔ ሰጠሁት።

የርዕሶቹን ነገር ቀድሞ የነቃበት ዲያቆኑ ነው። የእንግሊዝኛ ዜና ርዕስ ትናንት የተደረገውን ዛሬ እንደሚደረግ አድርጎ ይጽፈዋል። ግድቡ ተመርቋል፤ ርዕሱ ግን ‘ኢናጉሬትስ’፣ ማለትም ‘ትመርቃለች’ ነው የሚለው። ዲያቆኑ ፈገግ አለና “ቀዳማይ መሆን ሲገባው ካልዓይ ሆነብኝ” አለ። በግእዝ ቀዳማይ ላለፈው፣ ካልዓይ ለአሁኑና ለሚመጣው ነው፤ የግእዝ ግስ ያጠና ሰው እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠውም። ወደፊት የሚሆነው ደግሞ በ‘ቱ’ ብቻ እንደሚጻፍ ስነግረው “እነሱም ቃል ይቆጥባሉ ማለት ነው” ብሎ አለፈው።

ተሳስቼም አውቃለሁ። አንድ ቀን አጭርና ቀላል ዜና ስፈልግ የመኪና አደጋ ዘገባ አገኘሁና ይዤ ገባሁ። ግሡ ግልጽ ነው፣ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ‘ኦቨርተርንድ’፣ ‘ተገለበጠ’ የምትለዋን ቃል እያስደገምኩ ሳለ ነርሷ ደብተሯን ዘግታ ወጣች። በዚያው መንገድ ላይ ወንድሟ ከሞተ ገና ዓመት እንዳልሞላው በኋላ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ሞት ያለበት ዜና ክፍል አላስገባም። በእኛ አካባቢ፣ በእነዚህ ዓመታት፣ ይህን ማለት ብዙ ወረቀት መጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እኔ ራሴ ጆሮዬን የከፈትኩት በአጭር ሞገድ ራዲዮ፣ በአሜሪካ ድምፅ (ቪኦኤ) ‘ስፔሻል ኢንግሊሽ’ ነው። ዝግጅቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 የተጀመረ ሲሆን፣ 1,500 ገደማ ቃላትን ብቻ ይዞ ቀስ ብሎ ነበር የሚያነበው። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ የጣቢያው ሥርጭት ሲቋረጥ ተማሪዎቼን የምልክበት አንድ በር ተዘጋብኝ። የቢቢሲው የእንግሊዝኛ ትምህርት ጥሩ ነው፤ ግን ኔትወርክ ይፈልጋል፤ የሚያወራውም ብዙ ጊዜ ስለ ሌላ አገር ነው።

አገር ውስጥ የሚታተመውን እንግሊዝኛ ዜናም ሞክሬዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ለጀማሪ አይሆንም። እዚያ ባለሥልጣን ‘ሴድ’ (አለ) አይባልም፤ ሁልጊዜ ‘አንደርስኮርድ’ (አጽንዖት ሰጠ) ነው። ሰውም ሰው መሆኑ ቀርቶ ‘ስቴክሆልደር’ ይሆናል። ተማሪዎቼ ‘ባለድርሻ አካላት’ን በአማርኛም ሰልችተውታል።

ልመናዬ ትንሽ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ጥግ ላይ፣ በአማርኛ ካወጣችሁት ዜና አንዱን በቀላል እንግሊዝኛ አሳጥራችሁ አውጡልን። ከመቶ ቃል አይብለጥ። የአማርኛው ዜና በየትኛው ገጽ እንዳለም ግርጌው ላይ ይጠቀስ። ሙከራ ከፈለጋችሁ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ሳምንት እኔው በነፃ ጽፌ እልካለሁ፤ እናንተ አርሙት። ቅቤ ነጋዴዋ ደግሞ የገበያ ዋጋም እንዲኖርበት ንገሩልኝ ብለውኛል።

አንድ የማታ ትምህርት መምህር
ከደብረ ማርቆስ